ግምጃ ቤቱ ሞልቶ ቁስለኛው የሚያጣው ለምንድን ነው? የጦር ሆስፒታሎች አቅርቦት በጦርነት ጊዜ

ጥያቄውን ያቀረቡት የፋርማሲ ትምህርታቸውን በማጠናቀቅ ላይ ያሉ ተማሪ ናቸው። በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ በእንግሊዞች የጦር ሆስፒታል ቁስለኞች ሸሚዝና አንሶላ አጥተው ሲሰቃዩ ዕቃው በአቅራቢያቸው ታሽጎ ተቀምጦ እንደነበር አነበብኩ። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? ጦርነት ከመነሣቱ በፊት በብዛት ገዝቶ ማከማቸት ችግሩን አይፈታውም? የሚፈታው ከሆነስ የጦር ሆስፒታሎች እስከ ዛሬ መድኃኒት አለቀብን የሚሉት ለምንድን ነው?»

ከመካከለኛው ጥያቄ ልጀምር። ቀድሞ ማከማቸት የግድ ነው፤ ግን አይበቃም። የጦር ሆስፒታል ባዶ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው በአገር ስለጠፋ አይደለም። ዕቃው ያለበት ቦታ ቁስለኛው ካለበት ስለራቀ፣ በመካከል ያለውን መንገድ ሌላ ጭነት ስለያዘው፣ ወይም ዕቃውን አውጥቶ ለመስጠት ሥልጣን ያለው ሰው በቦታው ስላልነበረ ነው። የአቅርቦት ሰዎች ስለ ርቀትና ስለ መንገድ ብዙ እንናገራለን፤ ሦስተኛውን ግን፣ ማለትም የማውጣትን ሥልጣን፣ የቢሮ ጉዳይ አድርገን እናልፈዋለን። እርስዎ ያነበቡት ታሪክ ዋና ጉዳዩ ይህ ሦስተኛው ነው።

እንግሊዝ በሩሲያ ላይ ጦርነት ያወጀችው በመጋቢት 1854 ነበር (የኢትዮጵያን ጉዳይ ሳነሣ ካልሆነ በቀር ቀናቱና ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በመስከረም ወር ጦሩ ክራይሚያ ሲያርፍ ወታደሮቹ የጀርባ ቦርሳቸውን በመርከብ ላይ ትተው እንዲወርዱ ታዘዙ። ትእዛዙ ለሰልፉ ፍጥነት ተብሎ የተሰጠ ነው፤ ስለ ሆስፒታል ያሰበ ሰው አልነበረም። የሆስፒታሉ ደንብ ግን ወታደሩ ሲታመም ሸሚዙን፣ ማንኪያውንና ሹካውን በቦርሳው ይዞ እንደሚመጣ አድርጎ የተጻፈ ነበር። ስለዚህ ከአልማ ውጊያ በኋላ ቁስለኞቹ ጥቁር ባሕርን ተሻግረው በኢስታንቡል ማዶ ወደሚገኘው የስኩታሪ ሆስፒታል የለበሱትን ደም የነካው ልብስ ብቻ ይዘው ሲደርሱ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ በደንቡ መሠረት ሸሚዝ የማቅረብ ግዴታ አልነበረበትም። ሰውየው ክፉ ነበር ማለት አይደለም። የፈረመበት ንብረት ቢጎድል ተጠያቂው እሱ ነው፤ ቁስለኛው ቢሞት ግን እሱን የሚጠይቀው የለም። ማንኛችንም የንብረት ክፍልን የምናውቅ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ሒሳብ እናውቀዋለን።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከ38 አስታማሚዎች ጋር ስኩታሪ የደረሰችው ኅዳር 4 ቀን 1854 ነው። ስለ እርሷ ሲነሣ የሚታወሰው በእጅ የተያዘው ፋኖስ ቢሆንም፣ በእኔ ሙያ ዓይን ሲታይ የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራዋ በዋናነት የአቅርቦት ሥራ ነበር። በግል ገንዘብና በአንድ ጋዜጣ አንባቢዎች መዋጮ ከኢስታንቡል ገበያ እየገዛች ከመንግሥቱ ግምጃ ቤት ጎን ሌላ ግምጃ ቤት አቋቋመች። ለጦር ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሲድኒ ኸርበርት ስትጽፍ ራሷን የካልሲ፣ የሸሚዝ፣ የቢላና የሹካ፣ የእንጨት ማንኪያና የቆርቆሮ ገንዳ ነጋዴ አድርጋ እስከ መግለጽ ደርሳለች። በታሪኳ ውስጥ በሰፊው የሚነገረው የ27,000 ሸሚዞች ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከእንግሊዝ የተላከው ሸሚዝ ወደብ ደርሶ ከተራገፈ በኋላ ኃላፊው ኮሚቴ ሳይሰየም እሽጉን መክፈት አልችልም በማለቱ ሳምንታት አለፉ። እርስዎን ያስገረመዎት ታሪክ ምናልባት ይኸው ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የሎሚ ጭማቂው ነው። በታኅሣሥ 1854 መጀመሪያ 20,000 ፓውንድ፣ ማለትም 9,000 ኪሎ ግራም ያህል የሎሚ ጭማቂ ባላክላቫ ወደብ ደረሰ። በዚያው ጊዜ ከወደቡ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሰፈረው ሠራዊት በእስከርቪ (ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት በማጣት በሚመጣ በሽታ) ድዱ እየደማ፣ ጥርሱ እየተነቃነቀ፣ የቆየ ቁስሉ እንደገና እየተከፈተ ነበር። ጭማቂው ለሠራዊቱ መከፋፈል የጀመረው በየካቲት ነው። ማንም አልሰረቀውም፣ አልፈሰሰም፣ አልተበላሸም፤ የዕለት ቀለቡ ዝርዝር ውስጥ ስላልነበረና ይሰጠን ብሎ በወረቀት የጠየቀ ስላልነበረ ብቻ ሁለት ወር ያህል ተቀመጠ። የጦሩ አዛዦች እንዲታደል ማዘዝ ይችሉ ነበር፤ የሕክምናው ክፍል ማሳሰብ ይችል ነበር፤ ግምጃ ቤቱም ይህን ያህል ዕቃ አለኝ ብሎ ማስታወቅ ይችል ነበር። ሦስቱም እርስ በርስ ጠበቁ። በዘመናዊው አሠራር «ጠያቂ ከሌለ ወጪ የለም» የሚለው ሥርዓት በሰላም ጊዜ ብክነትን ስለሚከላከል ጥሩ ነው። ጦርነት ላይ ግን ጠያቂው ሐኪም መጋዝ ይዞ እንጂ ብዕር ይዞ አይደለም የሚገኘው።

በባላክላቫ የመንገዱም ችግር አብሮ ነበር። የኅዳር 14ቱ ማዕበል ወደብ አጠገብ የቆሙ መርከቦችን ሰባብሮ የክረምት ልብስ የጫነውን ትልቁን መርከብ አሰጠመ። የቀረውን የሚያመላልሱት ፈረሶችና በቅሎዎች መኖ አጥተው ረገፉ። ከወደቡ እስከ ሰፈሩ 10 ኪሎ ሜትር እንኳ በቅጡ የማይሞላው መንገድ በጭቃ ተዘጋና ወደቡ ላይ ክምር፣ ሰፈሩ ላይ ረኀብ ሆነ። መፍትሔው የመጣው ከየካቲት 1855 ጀምሮ በእንግሊዝ የባቡር ሥራ ተቋራጮች በተዘረጋው ሐዲድ ነው። እዚህ ላይ የሕክምና ዕቃ ከእህልና ከጥይት ጋር አንድ መንገድ የሚጋራ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ «በብዛት ገዝቶ ማከማቸት» ወደሚለው ልመለስ። በሆስፒታል ግምጃ ቤት የሠራ ሰው ትእዛዝ የሚያዘጋጀው በአማካይ ወርሃዊ ፍጆታ ነው፤ ያለፉትን ወራት ቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) ያይና ያካፍላል፣ መጠባበቂያ ይጨምራል፣ ይጠይቃል። ይህ ስሌት ለስኳር በሽታ መድኃኒት ይሠራል። ለጦር ቁስል ግን አማካይ የሚባለው ነገር ትርጉም የለውም፤ ሳምንታት ሙሉ ከተቅማጥና ከወባ በቀር ምንም ላይኖር ይችላል፣ ከዚያ በአንድ ቀን ሺዎች ይመጣሉ። በመስከረም 17 ቀን 1862 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በአንቲተም በተደረገው ውጊያ በሰሜኑ ወገን ብቻ ከ9,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ቆስሏል። ያለፈው ወር ፍጆታ ለዚህ ምንም አይነግርዎትም። ስለዚህ የጦር ሕክምና አቅርቦት የሚታቀደው ባለፈው ፍጆታ ሳይሆን በሚጠበቀው የቁስለኛ ቁጥርና በቁስሉ ዓይነት ነው። ስንት ሰው ይቆስላል፣ ከእነዚህ ስንቱ ሆዱን ስንቱ እግሩን፣ ለእያንዳንዱ ዓይነት ስንት ፋሻ፣ ስንት ከረጢት ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውኃ)፣ ስንት የስፌት ክር ያስፈልጋል ተብሎ ይሰላል። ዕቃው ለተወሰነ የቁስለኛ ቁጥር እንዲበቃ ሆኖ በኪት፣ ማለትም በአንድ ሣጥን በተሰናዳ ስብስብ፣ ታስሮ የሚላከውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ኪት የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ሣጥን ሲከፈት ቶሎ የሚያልቀው ጥቂት ነገር ነው፤ ጓንት፣ ጎዝ፣ የማደንዘዣ መድኃኒት። ሌላው ሁሉ ተርፎ ይቀመጣል፣ ሐኪሙም ጎዙን ፍለጋ ሁለተኛውን ሣጥን ይከፍታል። ሳምንት ሳይሞላ የሆስፒታሉ ድንኳን በግማሽ በተበላ ሣጥን ይሞላና በወረቀት ላይ ብዙ ዕቃ ያለ፣ በተግባር ግን አንድ ቀዶ ሕክምና ለመጨረስ የሚጎድል ነገር የማይጠፋበት ቦታ ይሆናል። ልምድ ያለው የግምጃ ቤት ሠራተኛ ከኪቱ ጋር የሚያልቁትን ነገሮች ለብቻቸው በገፍ ይጠይቃል።

የሥልጣኑን ጥያቄ በአግባቡ የፈታው ሰው ግን፣ እኔ እስከማውቀው በጽሑፍ ሥርዓት አድርጎ ያቆየልን፣ ጆናታን ሌተርማን ነው። በሐምሌ 1862 በ37 ዓመቱ የሰሜኑ የፖቶማክ ጦር የሕክምና ዳይሬክተር ሆኖ ተሾመ። ስሙ የሚነሣው በአምቡላንስ አገልግሎቱ ነው፤ የአቅርቦት ለውጡ ግን ከዚያ አያንስም። ከእሱ በፊት እያንዳንዱ ሬጅመንት (አነስተኛ የጦር ክፍል) ለሦስት ወር የሚበቃ መድኃኒትና ዕቃ ይዞ እንዲንቀሳቀስ ይደረግ ነበር። በወረቀት ሲታይ አስተማማኝ ይመስላል። ጦሩ ሲነሣ ግን ያን ሁሉ የሚጭን ጋሪ አይገኝም፤ ዕቃው በየሰፈሩ ይጣላል፣ በጠላት እጅ ይወድቃል፣ በዝናብ ይበሰብሳል፤ ሬጅመንቱም ከሦስት ወር አቅርቦት ወደ ባዶ እጅ በአንድ ሌሊት ይወርዳል። በዚያ ዓመት በቨርጂኒያ በተደረጉት ዘመቻዎች የሆነው ይኸው ነው።

አንቲተም ላይ ሌተርማን ገና አዲሱን ሥርዓት አልዘረጋም ነበር። ከባልቲሞር በባቡር የተጫነው የሕክምና ዕቃ እስከ ሞኖከሲ ወንዝ ደርሶ ቆመ፤ የደቡቡ ጦር ከጥቂት ቀናት በፊት ድልድዩን አፍርሶት ነበር። እህሉም ጥይቱም መድኃኒቱም በአንድ ጣቢያ ተከመረና ቀድሞ የሚነሣው የቱ እንደሆነ የሚወስነው የሕክምናው ክፍል አልነበረም። በዚያ መካከል የሳኒተሪ ኮሚሽን የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር የራሱን ጋሪዎች በባቡር ሳይሆን በጋሪ መንገድ ከዋሽንግተን አስነሥቶ ስለነበር ከመንግሥቱ አቅርቦት ቀድሞ ወደ ውጊያው ስፍራ ደረሰ። ዕቃው ከመንግሥቱ የተሻለ ስለነበር አይደለም፤ የራሱ ማመላለሻ ስለነበረው ነው። የበጎ ፈቃድ አስታማሚዋ ክላራ ባርተን ጋሪዋን ይዛ ስትደርስ በአንድ የእርሻ ቤት ሐኪሞቹ ፋሻ አልቆባቸው የበቆሎ ቅጠል ይጠቀሙ እንደነበር ይተረካል።

ሌተርማን በጥቅምት 4 ቀን 1862 ያወጣው መመሪያ ለዚህ ሁሉ መልስ ነው። አቅርቦቱን ከሬጅመንት አንሥቶ ወደ ብርጌድ (የበርካታ ሬጅመንቶች ስብስብ) አዞረው፣ መጠኑንም ከሦስት ወር ወደ አንድ ወር ዝቅ አደረገ። ለእያንዳንዱ ብርጌድ አንድ የተሞላ የሆስፒታል ጋሪ፣ ለእያንዳንዱ ሬጅመንት አንድ የመድኃኒት ሣጥን፣ ለእያንዳንዱ የሬጅመንት የሕክምና መኮንን አንድ በጀርባ የሚታዘል የመድኃኒት ቦርሳ ተመደበ። ትልቁ ነጥብ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ከዋናው ግምጃ ቤት ፈርሞ የሚረከበው የብርጌዱ ሐኪም ነው፤ የሬጅመንቱ ሐኪም ሲጎድልበት ግን ከጋሪው የሚያገኘው ያለ መደበኛ መጠየቂያ፣ በብጣሽ ወረቀት ነው። በእኛ አሠራር ቋንቋ ካስቀመጥነው፣ ሞዴል 19ም (የዕቃ መረከቢያ ቅጽ) ሞዴል 22ም (የዕቃ ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) ከኋላ፣ ጸጥታ ባለበት ይሠራል፤ እሳቱ ዘንድ ግን ወረቀቱ ከሐኪሙ እጅ ይወጣል። ሒሳቡ አልጠፋም፤ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ተነሣ እንጂ። ዕቃውን የሚያወራርደው ሰው ቁስለኛ ከሚሰፋው ሰው ተለየ።

ብዙ ጊዜ ከሥራ ባልደረቦች ጋር የምንከራከርበት ነጥብ አለ፤ መጠኑ ከሦስት ወር ወደ አንድ ወር ሲወርድ ሆስፒታሉ ለአደጋ አልተጋለጠም ወይ የሚል ነው። የሆነው ተቃራኒው ነው። ግንባር ላይ ያለው ትንሽ ሲሆን ቀላል ይሆናል፣ ቀላል ሲሆን ከጦሩ ጋር አብሮ ይጓዛል፣ ቢጠፋም የሚጠፋው ጥቂት ነው፤ ትልቁ ክምችት ከኋላ በባቡር መዳረሻ ተቀምጦ ወደ ተጎዳው ብርጌድ ሊላክ ይችላል። ለእያንዳንዱ ሬጅመንት ቀድሞ የተከፋፈለ ክምችት ግን ያልተዋጋው ሬጅመንት ዘንድ ሞልቶ፣ የተዋጋው ዘንድ ባዶ ሆኖ ይቀራል። በታኅሣሥ 1862 በፍሬድሪክስበርግ የሰሜኑ ጦር ክፉኛ ተሸንፎ ከ9,000 በላይ ቁስለኛ ሲኖረው የሕክምናው ክፍል አልወደቀም፤ ከኋላው በአኪያ ክሪክ ወደብና ከዚያ በሚነሣው አጭር የባቡር መሥመር ይመገብ ነበር። ጦሩ ተሸንፎ አቅርቦቱ ግን ያልወደቀበት ቀን መሆኑ ነው ትምህርት የሚሆነው።

ይሁንና በሌተርማን እጅ ያልነበረ አንድ ነገር ነበር፤ መንገዱ። በሐምሌ 1863 በጌቲስበርግ ውጊያ የፖቶማክ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሚድ ጦሩ እንዳይጨናነቅ ጋሪዎቹ ወደኋላ፣ ወደ ዌስትሚንስተር አካባቢ እንዲሄዱ አዘዘ። ለጦር አዛዥ ትክክለኛ ትእዛዝ ሊሆን ይችላል፤ ሽንፈት ቢመጣ ጋሪ የዘጋው መንገድ ጦርን ያስጨርሳል። አምቡላንሶችና መድኃኒት ብቻ የጫኑ ጋሪዎች በአብዛኛዎቹ ኮሮች (ብዙ ብርጌዶችን የያዙ ትልልቅ የጦር ክፍሎች) ከጦሩ ጋር ስለቀሩ ማደንዘዣው ክሎሮፎርምና ፋሻ አልጎደለም፤ ድንኳንና ሌላው የሆስፒታል መገልገያ ግን እስከ ሐምሌ 5 አልደረሰም። ውጊያው ሐምሌ 3 አብቅቷል፤ በማግሥቱ ዝናብ ጣለ፤ ሺዎች ሜዳ ላይ ነበሩ። ጋሪዎቹን ያላራቀው የ12ኛው ኮር ቁስለኞቹን በተሻለ ሁኔታ መጠለያ ውስጥ ማስገባት ችሏል። ሌተርማን በኋላ ባቀረበው ሪፖርት ያለ ማመላለሻ የሕክምና ክፍል ቁስለኛን መንከባከብ አይችልም፣ ጦርም ያለ ጥይት እንደማይዋጋ ሁሉ፣ በማለት ቅሬታውን ገልጿል። የሕክምና አቅርቦት ኃላፊ በዕቅድ ስብሰባ ላይ መቀመጫ ሊኖረው ይገባል የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ መጫኛው ሲከፋፈል ያልነበረ ሰው የሚደርሰው የተረፈው ነው።

በዚሁ ጦርነት የሰሜኑ የሕክምና ዋና ኃላፊ የነበረው ዊልያም ሃመንድም ሊጠቀስ ይገባዋል። የመድኃኒት ጥራት ስላሳሰበውና ነጋዴዎች በዋጋ ስላስቸገሩ በ1863 በፊላደልፊያና በኒው ዮርክ አጠገብ በአስቶሪያ የጦሩ የራሱ የመድኃኒት ማዘጋጃ ላቦራቶሪዎች እንዲቋቋሙ አደረገ። ከጦር ሚኒስትሩ ጋር ግን አልተስማሙምና በግዢ ሥርዓት ጥሰት ተከሶ በነሐሴ 1864 ከሥራ ተባረረ፤ ፍርዱ የተሻረው ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ በ1879 ነው። ክሱ ውስጥ ፖለቲካ መኖሩን ብዙዎች ይስማሙበታል። ቢሆንም በጦርነት ጊዜ መድኃኒት የሚገዛ ሰው በሁለት ክሶች መካከል እንደሚቆም ያሳያል፤ ቢፈጥን ደንብ ጣሰ፣ ደንብ ቢጠብቅ ሰው አስጨረሰ። የስኩታሪው ኃላፊ አንደኛውን ፈርቶ ሁለተኛው ላይ ወደቀ።

እስካሁን የተናገርኩት ዕቃው በአገር ስላለበት ሁኔታ ነው። ዕቃው በእርግጥ ሲጠፋ ምን ይሆናል ለሚለው ማየት የሚገባው የደቡቡን ወገን ነው። ከሚያዝያ 1861 ጀምሮ የሰሜኑ ባሕር ኃይል ወደቦቹን ሲዘጋ መድኃኒትም እንደ ጦር መሣሪያ የተከለከለ ጭነት ሆነ። ኩዊኒን፣ ኦፒየምና ክሎሮፎርም በሌሊት በሚሾልኩ መርከቦች፣ በድንበር ኮንትሮባንድና ከጠላት በሚማረክ ጋሪ ይገኝ ነበር። የደቡቡ የሕክምና ዋና ኃላፊ ሳሙኤል ፕሬስተን ሙር የቻርልስተኑን ሐኪም ፍራንሲስ ፖርቸርን በደቡብ የሚበቅሉ መድኃኒት የሚሆኑ ዕፀዋትን እንዲመዘግብ አሰማራው፤ ሥራው በ1863 ታተመ። ለወባ በኩዊኒን ፈንታ የአኻያና የሌሎች ዛፎች ልጥ ተሞከረ። ትኩሳትን ትንሽ ያበርድ ይሆናል፤ ወባን ግን እንደ ኩዊኒን አያድንም። ምትክ መድኃኒት መፈለግ አማራጭ ሲጠፋ የሚደረግ እንጂ የሚመካበት አይደለም።

ከልጡ ይልቅ የሚጠቅመው የሪችመንዱ ቺምቦራዞ ሆስፒታል ምሳሌ ነው። በጥቅምት 1861 የተከፈተው ይህ ሆስፒታል በጦርነቱ ዘመን ወደ 76,000 ሕሙማን እንዳስተናገደ ይገመታል። ኃላፊው ዶክተር ጄምስ ማኮው ከማዕከል እስኪመጣለት አልጠበቀም። ሕሙማኑ ያልበሉትን ቀለብ በገንዘብ አስመንዝሮ የሆስፒታል ፈንድ አቋቋመ፤ በዚያ ገንዘብ ዳቦ ጋጋሪ፣ የላምና የፍየል መንጋ፣ በቦይ ላይ ወደ ገጠሩ እየወረደ እህል የሚለውጥ ጀልባ ሳይቀር ነበረው። የመድኃኒት እጥረቱን ይህ አልፈታውም፤ ነገር ግን ምግብና ሳሙና ከማዕከል የማይጠብቅ ሆስፒታል ያለችውን ጥቂት መጫኛ ለመድኃኒት ብቻ ሊጠቀምባት ይችላል። (በነገራችን ላይ በዚያ ሆስፒታል ብዙ ጠብ ያስነሣው ዕቃ ኩዊኒን ሳይሆን ለሕሙማን የሚታዘዘው ውስኪ ነበር። የአንዱ ክፍል ዋና ተቆጣጣሪ ፊቢ ፔምበር በርሜሉ በእሷ ቁጥጥር ሥር እንዲሆን ደንቡን ጠቅሳ ስትቀበል ወንዶቹ ባልደረቦቿ ሳይወዱ ኖረዋል። ሰው የሚወደው ዕቃ በየዘመኑ የራሱ ቁልፍ ያዥ ያስፈልገዋል፤ ዛሬ ያ ቦታ የብርቱዎቹ የሕመም ማስታገሻዎች፣ የሞርፊንና የፔቲዲን ነው።)

በእኛም አገር በ1928 ዓ.ም. የሆነው ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ የጣሊያን ጦር የወረረው ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው መስከረም 22 ነበር። የሕክምና ዕቃ ከውጭ የሚገባበት ዋናው በር የጅቡቲ ባቡር ነበር፤ ባቡሩ በቀን ብቻ ስለሚጓዝ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጃል። ከዚያ በኋላ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደሴም እስከ ኮረም በጭነት መኪናና በበቅሎ ነው። ስዊድን፣ እንግሊዝ፣ ግብፅ፣ ፊንላንድ፣ ኔዘርላንድስና ኖርዌይ የሕክምና ቡድኖች ልከዋል። በሌተርማን ዓይን ካየነው ብርቱ ድክመቱ ከኋላ የሚሞላ ቅርብ ክምችት አለመኖሩ ነው፤ እያንዳንዱ ቡድን የያዘውን ይዞ የወጣ ደሴት ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ ታኅሣሥ 20 ቀን በመልካ ዲዳ የስዊድኑ፣ የካቲት 25 ቀን በኮረም አቅራቢያ የእንግሊዙ ቡድን በአውሮፕላን ሲደበደብ የጠፋውን የሚተካ ከቅርብ የሚመጣ አልነበረም።

በዚያ ጦርነት ሌላም ነገር ተለወጠ። የጣሊያን አውሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ መርጨት ሲጀምሩ ለጥይትና ለቦምብ ቁስል የተዘጋጀው ዕቃ ከቁስሉ ጋር አልገጠመም። የሰናፍጭ ጋዝ ቆዳን በሰፊው ያቃጥላል፣ ዓይንን ያሳውራል፤ የሚፈልገው ብዙ ንጹሕ ውኃ፣ የሚቀየር ልብስ፣ በየቀኑ የሚለወጥ እጅግ ብዙ ፋሻና የረጅም ጊዜ አልጋ ነው። መጋዝና መቆንጠጫ ለዚህ አይረዱም። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ተወካይ ማርሴል ዡኖ ኮረም ላይ ሜዳውን ሞልተው «አቤት፣ አቤት» የሚሉ የተቃጠሉ ሰዎችን ማየቱን ጽፏል። የተከማቸው ዕቃ ምንም ቢበዛ ባለፈው ጦርነት ቁስል ተሰልቶ የተከማቸ ከሆነ እንዲህ ያጋጥመዋል፤ «በብዛት እንግዛ» ለሚለው ሐሳብ ጠንካራው ተቃውሞዬም ይኸው ነው።

ዛሬም አለቀብን የሚባለው ለምንድን ነው ላሉት፣ ምክንያቶቹ በመሠረቱ እነዚያው ናቸው፤ መልካቸው ተለውጧል። ዘመናዊ ጦሮች ውጊያ ሲጀመር ሆስፒታሉ ሳይጠይቅ በተሰላው መጠን ይልኩለታል፤ ሁኔታው ሲረጋጋ ሆስፒታሉ በፍጆታው እየጠየቀ ወደሚሞላበት አሠራር ይዞራሉ። ችግር የሚፈጠረው ብዙውን ጊዜ በሁለቱ መካከል ነው፤ ሳይጠየቅ የሚላከው ሲያበዛው ሆስፒታሉ በማይፈልገው ዕቃ ይጣበባል፣ ቶሎ ሲቋረጥ ደግሞ የሚጠይቅበት የመገናኛ መሥመር አይኖረውም። ከዚህ ሌላ ቁስለኛውን ተከትለው የሚሄዱ ዕቃዎች አሉ። ቁስለኛ ወደኋላ ሲላክ ቃሬዛውና ብርድ ልብሱ አብረውት ይሄዳሉ፤ ያመጣው አምቡላንስ በምትካቸው ያንኑ ያህል ካላራገፈ በቀር ግንባር ያለው ጣቢያ በሁለት ቀን ቃሬዛ አልባ ይሆናል። የኦክስጅን ሲሊንደርም እንዲሁ ነው፤ ባዶው ካልተመለሰ የሚሞላ የለም። እነዚህ በቢን ካርድ ላይ «አላቂ» ተብለው ስላልተመዘገቡ ማለቃቸው ዘግይቶ ነው የሚታየው።

ለረጅም ጊዜ ሊከማች የማይችለው ደም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች የደረቀ ፕላዝማ (ከደም ሕዋሳቱ የተለየው የደም ፈሳሽ) በብዛት አከማችተው ገቡ፤ ቀላል ነው፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ ይቆያል። በሰሜን አፍሪካ በ1943 የቀዶ ሕክምና አማካሪያቸው ኤድዋርድ ቸርችል ብዙ ደም ለፈሰሰው ሰው ፕላዝማ እንደማይበቃና ሙሉ ደም እንደሚያስፈልግ ሲናገር የአቅርቦት ሥርዓቱ አልተዘጋጀም ነበር፤ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ሙሉ ደም በአውሮፕላን መላክ የተጀመረው በነሐሴ 1944 ነው። ዛሬ በተለመደው ከረጢት ሙሉ ደም ቢበዛ 35 ቀን፣ ያውም ከ6 ዲግሪ በማይበልጥ ቅዝቃዜ ይቆያል፤ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ካጣ ያን ያህልም አይቆይም። ስለዚህ ከመንገድ የራቀ የጦር ሆስፒታል ደም አያከማችም፤ በአካባቢው ያሉትን ወታደሮች የደም ዓይነት አስቀድሞ መርምሮ ይመዘግባል፣ ሲያስፈልግ ይጠራቸዋል። በሥራ ላይ ሲሰማሩ በግምጃ ቤትዎ የሚቆጥሩት ባዶውን የደም ከረጢት፣ የመመርመሪያ ኪቱንና የለጋሾቹን ዝርዝር ይሆናል፤ ዝርዝሩንም ክፍሉ በተቀያየረ ቁጥር ማደስ ይኖርብዎታል፣ ምክንያቱም ባለፈው ወር የተመዘገበው ለጋሽ ዛሬ ሌላ ግንባር ላይ ሊሆን ይችላል።